«እምቢ!» ማለት የማያውቅ ፓወር ሰፕላይ ጎጆ ያፈርሳል

ይሉኝታ ክፉ ነው አንባቢዎቼ! ሰው «እምቢ» ማለት አቅቶት ስንት ጉድ ውስጥ እንደሚገባ ታውቁታላችሁ። ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ዕዳ የወረሰ፣ «ቅር ይላታል» እያለ የማይወዳትን ልጅ ያገባ፣ «አንድ ብቻ» ሲሉት አስር ጠጥቶ መንገድ ላይ ያደረ... የዚህ ዓይነቱ ሰው መከራው ደግሞ ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም። ቤተሰቡንም፣ ወዳጁንም፣ የዋስትና ወረቀቱ ላይ የፈረመውንም ሁሉ ይዞ ነው ገደል የሚገባው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ሰው አይደለም። ከጠረጴዛችሁ ሥር ተደብቆ ቀኑን ሙሉ ትኩስ አየር ስለሚተፋው ስለዚያ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ፓወር ሰፕላይ ስለሚባለው!

«ብላ ብላ ደግሞ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ገባች» እንዳትሉኝ። በዚህ ከተማ ስንቱ ወጣት ነው እንጀራው በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ የተንጠለጠለ? ፎቶ አቀናባሪው፣ የሠርግ ቪዲዮ ቆራጩ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችው፣ ስቱዲዮ ያለው፣ ጌም ቤት ያለው... ሁሉም ማዘርቦርዱን ያውቀዋል፣ ግራፊክስ ካርዱን በስሙ ይጠራዋል፣ ስለ ራሙ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይከራከራል። ፓወር ሰፕላዩ ጋ ሲደርስ ግን «እሱን የሆነ ርካሽ ነገር ክተትበት!» ይላል። ታዲያ ቤቱን የሚያቃጥለውም፣ ቤቱን የሚያድነውም ያ የተናቀው ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

ሥራው ምንድነው?

አንደኛው ሥራው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ሊጎርሰው በሚችለው መጠን መቆራረስ። 12 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 3.3 ቮልት እያደረገ ያከፋፍላል። ዛሬ ዛሬ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የ12 ቮልቱ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነውና።

ሁለተኛውን ሥራውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዘበኛ ነው! በውስጡ ያለች አንዲት ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ የሚወጣውን ኮረንቲ ያለ ዕረፍት ትጠብቃለች። አንድ ነገር ከልክ ካለፈ «በቃ!» ብላ ሁሉንም ነገር ታጠፋለች። ኮምፒዩተራችሁ ድንገት ድርግም ብሎ ሲጠፋባችሁ ትናደዳላችሁ አይደል? አንዳንዴ ግን ያ መጥፋት ውለታ ነው።

ዘበኛው ሊያውቃቸው የሚገቡ ስድስት «እምቢታዎች» አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ሾርት ነው። ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ይነካል፣ ወይም ከማዘርቦርዱ ጀርባ አንዲት ቡሎን ወድቃ ሁለት ነገር ታገናኛለች። ኮረንቲው መሄጃ ሲያገኝ እንደ ጎርፍ ይለቀቃል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ከመቅጽበት ይጠፋል። ችግሩ ሲነሳለት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይነሳል።

ሁለተኛው የቮልቴጅ መብዛት ነው። ዋናው ገዳይ ይሄ ነው! የ12 ቮልቱ መስመር በደህና ጊዜ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። የ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25። ኢንቴል ለፓወር ሰፕላይ ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ መሠረት የ12 ቮልቱ መስመር ከ13.4 እስከ 15.6 ባለው መካከል ሲደርስ ዘበኛው መዝጋት አለበት። የ5 ቮልቱ ደግሞ ከ5.74 እስከ 7 ባለው ውስጥ። ይህን ካላደረገ ማዘርቦርድም፣ ሃርድ ዲስክም፣ ግራፊክስ ካርድም በአንድ ጀንበር ይሄዳሉ።

ሦስተኛው የቮልቴጅ መውረድ ነው። ሲያንስ ኮምፒዩተሩ ይወላገዳል፣ ሲጽፍ የነበረውን ፋይል ያበላሻል።

አራተኛው የአንድ መስመር ኮረንቲ መብዛት ነው። አንዱ መስመር ብቻውን ከአቅሙ በላይ አምፒር ሲጎትት ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

አምስተኛው የጠቅላላው ዋት መብዛት ነው። 500 ዋት የሆነውን ዕቃ 700 አምጣ ሲሉት «አልችልም» ማለት አለበት።

ስድስተኛው ሙቀት ነው። ማራገቢያው አቧራ በልቶ ሲቆም ወይም ክፍሉ ሲታፈን፣ ከመንደዱ በፊት መጥፋት።

ስድስቱም በሁሉም ፓወር ሰፕላይ ውስጥ አይገኙም። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ስድስቱም በምልክት ተደርድረው ታያላችሁ... ግን ካርቶን ምን የማይሸከመው ነገር አለ?

ሠልፍ ላይ አይቶ ጀግና አይባልም

ዘበኛ ጀግና መሆኑ የሚታወቀው ሌባ ሲመጣ ነው። ፓወር ሰፕላይም እንደዚያው። ስለዚህ በውጭ አገር ዕቃ የሚመረምሩ ሰዎች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ሆን ብለው ሌባ ይልኩበታል!

«ኤሌክትሮኒክ ሎድ» የሚባል መሣሪያ አላቸው። ይህ መሣሪያ ኮምፒዩተር መስሎ የተጠየቀውን ያህል አምፒር ይጎትታል። ቀስ በቀስ እየጨመሩ «አሁንስ? አሁንስ?» እያሉ ይሄዳሉ። ፓወር ሰፕላዩ በስንት አምፒር፣ በስንት ዋት «እምቢ» እንዳለ ይመዘግባሉ። መስመሩን ሾርት ያደርጉታል። ከውጭ ሌላ ቮልቴጅ እያስገቡ የመብዛቱን ገደብ ይፈትናሉ። በሙቅ ሳጥን ውስጥ ከተው ያሠሩታል። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ከዚህ ሁሉ በኋላ ይነሳል ወይ?»

ልብ በሉ! ፈተናው መጥፋቱን ብቻ አይደለም የሚያየው። እንዴት እንደጠፋ ነው። ጭጭ ብሎ ጠፍቶ፣ ሲያርፍ ከተነሳ አለፈ። «ጧ!» ብሎ በጭስ ከጠፋ ግን ወደቀ። ሁለቱም ጠፍተዋል፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

የ2021ዱ ጉድ

«ይሄ የርካሽ ዕቃ ችግር ነው፣ እኔ ስም ያለው ነው የምገዛው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ይህችን ስሙኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 በዓለም ዙሪያ ግራፊክስ ካርድ ጠፍቶ ነበር። በአሜሪካ ኒውኤግ የተባለው ትልቅ የኢንተርኔት መደብር ካርዱን ለብቻው ከመሸጥ ይልቅ ከሌላ ዕቃ ጋር አጣምሮ ይሸጥ ጀመር። «ካርዱን ከፈለግህ ይህንንም ግዛ» ዓይነት ነገር። አብረው ከተጣመሩት መካከል ጊጋባይት የተባለው የታወቀ ኩባንያ በስሙ የሚሸጣቸው ሁለት ፓወር ሰፕላዮች ነበሩ። አንዱ ባለ 750 ዋት፣ ሌላው ባለ 850 ዋት። ስም አላቸው፣ «80 ፕላስ ጎልድ» የሚል የወርቅ ማዕረግም ደረታቸው ላይ ተለጥፏል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ገዢዎች ግን «ሞተብኝ»፣ «ፈነዳብኝ» ማለት ጀመሩ። ዕቃ መርማሪዎችም የዋት መብዛትን ጥበቃ ሲፈትኑ እየፈነዳ አስቸገራቸው። በተለይ ጌመርስ ኔክሰስ የተባለው የአሜሪካ የዩቲዩብ ቻናል ብዙ ፍሬ ሰብስቦ በካሜራ ፊት ፈተናቸው። ብልጭታውንም ጩኸቱንም ዓለም አየ።

ኩባንያው በነሐሴ ወር 2021 (በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መሆኑ ነው) መግለጫ አወጣ። ከመግለጫው የተገኘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የዋት መብዛት ጥበቃው የተተከለው ከ120 እስከ 150 በመቶ ላይ ነበር። እንግዲህ አስሉት! ባለ 850 ዋቱ ዕቃ በከፋው ቢሆን እስከ 1275 ዋት ድረስ «እምቢ» አይልም ማለት ነው። ባለ 750ው እስከ 1125 ዋት። ዘበኛው አለ፤ ግን የቆመው ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ሌባው ዕቃውን ጭኖ ከሚወጣበት ማዶ ነው! ኩባንያው ገደቡን ወደ 110 እና 120 በመቶ ዝቅ አደረገው፣ በተወሰነ መለያ ቁጥር ውስጥ ያሉትንም እንደሚቀይር አስታወቀ። ችግሩ የሚመጣው ግን በመሣሪያ ለረጅም ጊዜ እየደጋገሙ ሲያስጨንቁት ነው የሚል መከራከሪያም አቅርቦ ነበር። መርማሪዎቹ ይህን አልተቀበሉትም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ «ጥበቃ አለው» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይደለም። ዋናው ጥያቄ ጥበቃው የት ላይ ነው የሚነቃው የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ የወርቅ ማዕረጉ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። «80 ፕላስ» የሚባለው ከግድግዳው ከወሰደው ኮረንቲ ምን ያህሉን ሳያባክን እንደሚያስተላልፍ ነው የሚለካው። ቆጣቢ ነው ማለት ነው እንጂ ጠንቃቃ ነው ማለት አይደለም። ቆጣቢ ባል ሁሉ ጥሩ ባል ነው ያለው ማነው?

አንዲት እህታችን የጻፈችው

ወደ አገራችን እንመለስ። ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች አንዲት አንባቢያችን የላከችልንን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከፍቅረኛዬ ጋር ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል የፎቶና የቪዲዮ ቅንብር እንሠራለን። ዕቁብ ጥለን፣ ከቤተሰብ ተበድረን ነው የጀመርነው። የኮምፒዩተራችን ፓወር ሰፕላይ ሲሞት እሱ ሄዶ "750 ዋት" የሚል በርካሽ ገዝቶ መጣ። ሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ "ጧ!" አለና ክፍሉን ጭስ ሞላው። ማዘርቦርዱም ሃርድ ዲስኩም አብረው ሄዱ። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያልተረከበ ሠርግ ነበረ። ሙሽሪት በየቀኑ ትደውላለች፤ ምን ልበላት? እኔ "በቁጠባ ስም ገደል ከተትከን" ስለው እሱ "የመብራቱ ጥፋት ነው እንጂ የኔ አይደለም" ይላል። ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን። ጥፋቱ የማን ነው? እንዲህ ያለ ግዴለሽ ሰው ትዳርስ ይሆነኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ቤቱ ላይ እሳት አልተነሳ። ሰው ተርፏል፣ ሌላው ይገኛል።

ስለ ጥፋቱ የራሴን ከመናገሬ በፊት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ነበር። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ሳቅ አሉና «ልጄ» አሉኝ፤ «መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ አመጣጡም አንዳንዴ እንደ እብድ ነው። ይሄ ያለ ነው። እንዲህ ሲመጣ መሞት ካለበት የሚሞተው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ለዚያ ነው የተቀመጠው። ሌላውን ይዞ ከሞተ ግን እሱ ዘበኛ አይደለም፤ ለሌባው በር ከፋች ነው።»

ሰማሽ እህቴ? መብራቱ ምክንያት ሆኗል፤ እውነቱን ነው። ግን ማዘርቦርድሽንና ሃርድ ዲስክሽን ያስበላው ዘበኛው ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም! ጓደኛሽ ደግሞ ሊጎዳሽ ብሎ አልገዛውም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አመነ። ይህ ደግሞ የእሱ ብቻ ሳይሆን የአብዛኛው ሰው ነገር ነው። «750» የሚለውን ቁጥር አይቶ ያልተታለለ ማን አለ? ስለዚህ በዚህ ምክንያት ሰው አይፈታም፤ ፓወር ሰፕላይ ግን ይፈታል።

ሃርድ ዲስኩን በተመለከተ አትቸኩይ። ከታች ያለችው አረንጓዴ ቦርድ ብትቃጠልም መረጃው የተጻፈበት ሳህን ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «እስቲ ይሠራ እንደሆን» እያላችሁ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ደጋግማችሁ አትሰኩት። መረጃ ማውጣት ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት። ለሙሽሪት ደግሞ እውነቱን ንገሪያት፤ በየቀኑ «ነገ» ከሚባል ውሸት አንድ ቀን የሚያም እውነት ይሻላል። ከዚህ በኋላ ደግሞ የሰው ሠርግ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ አይቀመጥም! ሁለተኛ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ተነጥሎ፣ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ኤሌክትሮኒክ ሎድ የለንም፣ ላብራቶሪ የለንም። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ልንፈትነው የምንችለውም፣ ፈጽሞ ልንነካው የማይገባንም አለ።

ከመግዛታችሁ በፊት፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ዋት እርሱት። ሰንጠረዡ ውስጥ በ12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፒር ፈልጉና በ12 አባዙት። ለምሳሌ «500 ዋት» የሚል ዕቃ በ12 ቮልት ሥር 20 አምፒር ብቻ ካለው፣ 12 ሲባዛ በ20... 240 ዋት! ኮምፒዩተራችሁ ዋናውን ጉልበት የሚፈልገው ከዚያ መስመር ነው። ቀሪው ቁጥር ለጌጥ ነው። ሰንጠረዥ ጭራሽ ከሌለው ደግሞ ሻጩን «ቸር ይግጠምህ» ብላችሁ ሂዱ።

ሞዴሉን በስልካችሁ ፈልጉ። የአምራቹን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን። ማሞገሻ አትፈልጉ፤ ያ ሞዴል ሾርት ሲደረግ፣ ዋት ሲበዛበት፣ ሲሞቅ ምን እንደሆነ ፈትኖ የጻፈ ሰው ፈልጉ። ዝም ብሎ ጠፍቶ ተመልሶ ከተነሳ ግዙት። ስለ ዕቃው አንድም ሰው ምንም ካልጻፈ እናንተ የመጀመሪያዋ የመሞከሪያ አይጥ ልትሆኑ ነው ማለት ነው።

በሻጩ «ይኸው ሠራ!» አትታለሉ። ብዙ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ትርኢት አለ። ሻጩ የትልቁን ሶኬት አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ክሊፕ ያገናኝና ማራገቢያው ሲዞር «አየህ?» ይላል። አዎ፣ መነሳቱን አይተናል። ይህ የሚያሳየው መብራት ሲሰጡት እንደሚነቃ ብቻ ነው። ሸክም አልተጫነበትም፣ አንድም ጥበቃ አልተፈተነም። ደረቱን ነፍቶ የቆመ ሁሉ ድብድብ ያውቃል እንዴ?

ያገለገለ ከሆነ ጀርባውን እዩ። በባትሪ መብራት በወንፊቱ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ሲሊንደር የመሰሉት ካፓሲተሮች ጫፋቸው አብጦ ወይም ቡናማ ነገር ተፍተው ካያችሁ አትግዙ። የተቃጠለ ሽታ ካለውም አትግዙ። ከአሜሪካ በመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ ከኋላ «115» እና «230» የሚል ቀይ ማዞሪያ ይኖራል። ሳትሰኩት በፊት እዩት! 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ላይ ከተሰካ፣ በውስጡ ያለው ሥርዓት የመጣለትን እጥፍ አድርጎ ካፓሲተሮቹ ላይ ይጭናል። 600 ቮልት አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ የርችት ነው። ይህን ደግሞ ዘበኛዋ ቺፕ አትመልሰውም፤ እሷ የምትጠብቀው የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን አይደለምና።

ቮልቴጁን በሥራ ላይ እያለ አስለኩት። ቴስተር ያለው ባለሙያ ኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ ሲሠራ (ቪዲዮ ሲያወጣ ወይም ጌም ሲጫወት) የ12 ቮልቱን መስመር ይለካላችሁ። ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ ካሳየ ዕቃው ደክሟል። ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ መለካት ግን ብዙም አይጠቅም። ቁጭ ሲል ሁሉም ጤነኛ ነው።

ኧርዙን አትርሱ። ሲፒዩውን (ሳጥኑን ማለቴ ነው) በእጃችሁ ስትነኩት ንዝር ንዝር የሚያደርጋችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የመሬት ሽቦ የለውም ማለት ነው። ሦስተኛዋን እግር በቆረጠ ዲቫይደር ላይ ከሰካችሁት የፓወር ሰፕላዩ መጠበቂያ ግማሽ አካሉን አጣ። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» አትበሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩና መስመሩን አስተካክሉ።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ቢሆን ከሶኬት ጋር እስከተያያዘ ድረስ የፓወር ሰፕላዩ አንድ ክፍል ነቅቶ 5 ቮልት እየሰጠ ይጠብቃል። ስለዚህ መብራቱ እንደ እብድ ተመልሶ ሲመጣ በሩ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። መጥቶ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፣ ከዚያ ሰኩት። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ካላችሁ መልካም ነው። ነገር ግን እነሱ የውጭ አጥር ናቸው። አጥር ስላለ ዘበኛው ይተኛ አይባልም።

አትንኩት የምላችሁ

አሁን ደግሞ እጄን በአፌ ላይ ጭኜ የምለምናችሁ ነገር።

«እስቲ ጥበቃው ይሠራ እንደሆን» ብላችሁ በሽቦ ሾርት አታድርጉት! ፈታኞቹ መነጽር አድርገው፣ መሣሪያ ይዘው፣ ቢፈነዳም በሚችሉት ቦታ ነው የሚሠሩት። ደህና ከሆነ ይጠፋል፤ ደህና ካልሆነ ግን የሚነግራችሁ ፊታችሁ ላይ ነው።

ሳጥኑን አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። «ነቅዬዋለሁ'ኮ!» ያለ ሰው እጁ ሲርገበገብ ብዙ ታይቷል። ሰው የሚገድል ጉልበት ነው።

ፊውዙን በሽቦ አታስቀይሩ። «ፊውዙ ነው የሄደው፣ ሽቦ አድርጌ አስነሳልሃለሁ» የሚላችሁ ሠራተኛ ወዳጅ እንዳይመስላችሁ። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለ ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልም፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ዕቃ ሞቶ ነው። ፊውዙ ለማዘርቦርዳችሁ አይደርስም፤ እሱ ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ነው። ጥቅሙ ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። በሽቦ ስትተኩት ያችኑ የመጨረሻዋን ውሻ ገደላችኋት ማለት ነው።

ዘበኛው ሲጮህ ስሙት

የመጨረሻው ምክሬ ይህ ነው። ኮምፒዩተሩን ስታስነሱት ማራገቢያው ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ እንበል። ወይም ጌም ስትጀምሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አብዛኛው ሰው «ፓወር ሰፕላዩ ተበላሸ» ብሎ ወደ ሱቅ ይሮጣል፣ ከዚያ «ይሄ አይጠፋም» የተባለለትን ሌላ ገዝቶ ይመጣል። ቆይ! ምናልባት እሱ'ኮ ሥራውን እየሠራ ነው። አንድ ቦታ ሾርት አለ፣ ወይም የጨመራችሁት ግራፊክስ ካርድ ከአቅሙ በላይ ነው፣ ወይም በአቧራ ታፍኗል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትንሽ አሳርፉት፣ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ድጋሚ ከጠፋ እየደጋገማችሁ አታስገድዱት፤ ለባለሙያ አሳዩትና «ለምን ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነቱን የነገራችሁን ዘበኛ አባርራችሁ ዝም የሚል ዘበኛ አትቅጠሩ።

በሕይወትም እንዲሁ አይደል? «አልችልም፣ ከዚህ በላይ አልሸከምም» የሚለንን ሰው እንቀየመዋለን፤ ሁሉን «እሺ» የሚለውን እንወደዋለን። እሺ ባዩ ግን አንድ ቀን ድንገት ይፈነዳል፣ ያን ቀን ደግሞ አጠገቡ ያለነውን ሁሉ ይዞን ይሄዳል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ «ስንት ዋት ይችላል?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ ነው እምቢ የሚለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ግራ ገብቶት ካያችሁ አትፈሩ፤ ጥያቄው ትክክል ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ መብራቱም ልባችሁም የተረጋጋ ይሁን። ቸር ሰንብቱ!